መካችና ሰባሪ

አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ ከስሙ ጀምሮ ግራ የሚያጋባ ነው። «ፉት» እግር፣ «ቦል» ኳስ ማለት ሆኖ ሳለ ጨዋታው በአብዛኛው የሚካሄደው በእጅ ነው። ኳሷም ብትሆን ግራና ቀኟ የሾለ ትልቅ ሎሚ እንጂ ኳስ አትመስልም። ይሁን፤ በስም አንጣላም። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ሌላው የስም ጣጣ ነው። በዚህ ጨዋታ ከአጥቂው ቡድን ውስጥ የአምስት ሰዎች ሥራ መከላከል ነው። ከተከላካዩ ቡድን ውስጥ ደግሞ የሦስት ወይም የአራት ሰዎች ሥራ ማጥቃት ነው። አጥቂ የተባለው ይከላከላል፤ ተከላካይ የተባለው ያጠቃል። «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ደግሞ ጨዋታው ባለበት ሁሉ አለ። ለስሙ የኳስ ክርክር ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የኳስ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ክፉ ነገር እንዳይደርስ ያደረገ ሰውና አንድ ነገር እንዲደርስ ያደረገ ሰው ዋጋቸው እኩል ነው ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ደግሞ ከስታዲየም ውጭም የሚጠየቅ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከምናምን፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ዕድል ይሰጠዋል። ከተሳካለት ሌላ አራት ዕድል ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሷ ለባላጋራ ትሄዳለች። በእያንዳንዱ ዕድል መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ሰዎች ግንባር ለግንባር አጎንብሰው ይፋጠጣሉ። ኳሷን ከያዘው ወገን መሀል ላይ ሴንተር፣ ከእሱ ግራና ቀኝ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ውጭ ሁለት ታክሎች ይሰለፋሉ። ሴንተሩ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ወደኋላ ለኳርተርባኩ ያቀብላል። ኳርተርባክ የቡድኑ አእምሮ ነው፤ ወይ ይወረውራል፣ ወይ ለሯጭ ይሰጣል። የአምስቱ ግዙፎች ሥራ ያ ሰው እስኪወረውር ድረስ፣ ሦስት ሰከንድ ላልበለጠች ጊዜ፣ ማንም እንዳይደርስበት ማድረግ ነው። ሯጭ ሲሮጥ ደግሞ መንገድ ይከፍቱለታል። ፊት ለፊት ያሉት ሥራ ይህን ግንብ ሰብሮ ኳርተርባኩን መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። እንዲመቸኝ የመጀመሪያዎቹን «መካች»፣ ሁለተኛዎቹን «ሰባሪ» እላቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ሕጉን ተመልከቱልኝ። መካቹ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት አንድ ሙሉ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ቢነቃነቅ ይቀጣል። ባላጋራውን ጨምድዶ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ከያዘ ቡድኑ 10 ያርድ ወደኋላ ይመለሳል። በተለመደው አሰላለፍ ወደፊት የተወረወረ ኳስ መቀበልም አይችልም። ሰባሪው ግን መስመሩን እስካላለፈ ድረስ እንዳሻው ይንጎራደዳል፤ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ያስፈራራል። ለመካቹ የተሰጠችው አንዲት ጸጋ ኳሷ መቼ እንደምትነሳ አስቀድሞ ማወቁ ናት። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ወደኋላ እየተራመደ ነው። ወደፊት የሚሮጥን 120 ኪሎ ሰው ወደኋላ እየሄዱ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት።

ከሁሉ ከሁሉ የምትገርመኝ ግን አንዲት የዳኝነት ልማድ ናት። በዚህ ጨዋታ ዳኛው ማይክሮፎን አለው። ጥፋት ሲፈጸም ጨዋታውን ያቆምና «መያዝ፤ አጥቂው ቡድን፤ ቁጥር ይህን ያህል» ብሎ ለስታዲየሙ በሙሉ ያውጃል። መካቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲታገል ውሎ ቁጥሩ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ያጠፋ ጊዜ ነው። ጥሩ ሲሠራ የሚጠራበት ደንብ የለም። ወይ ፍርድ!

የሰባሪው ሥራ ግን ስምም ቁጥርም አለው። ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይወረውር መጣል «ሳክ» ይባላል። ቃሉን ያስለመደው በ1960ዎቹ ለሎስ አንጀለስ ራምስ ይጫወት የነበረው ዲከን ጆንስ ነው ይባላል። እንግሊዝኛው ጆንያንም ይገልጻል፤ ከተማ መዝረፍና ማውደምንም ይገልጻል። ሁለቱም ትርጉም ለሥራው አያንሰውም። ከ1982 ጀምሮ ሊጉ ሳክን በይፋ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ሰባሪ በዓመት ስንት፣ በዕድሜው ስንት እንደጣለ ተጽፎ ይቀመጣል። የመካች ግን? «ዛሬ 40 ጊዜ አላስነካም» የሚል ይፋዊ መዝገብ የለም። ያልሆነ ነገር እንዴት ይቆጠራል? ያልፈረሰ ቤት፣ ያልተሰበረ እግር፣ ያልመጣ ሌባ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ብዙ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ነገር ሁሉ ወደ ቋንቋ ይወስደኛል። በአማርኛ ፊደላችን የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ ማጥበቅና ማላላት። «አለ» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይኖራል፣ ይገኛል ማለት ነው። «ገና»ም እንዲሁ፤ ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ለዚህ ልዩነት ፊደሉ ምልክት የለውም። አንባቢው በትክክል ካነበበ ማንም «እንዴት አሳምሮ አጠበቀው!» አይልም። የተሳሳተ ቀን ግን ጉባኤው በሙሉ ይስቃል። መካች ማለት እንደዚህ ነው። ትርጉሙን ተሸክሞ የሚኖረው እሱ ነው፤ በጽሑፉ ላይ ግን አይታይም። ጠበቀ የምንለው ቃል ራሱ መጥበቅም መጠበቅም መሆኑ ደግሞ ያስደስተኛል።

ሽልማቱም መዝገቡን ተከትሎ ነው የሚሄደው። የአሶሼትድ ፕሬስ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት በአመዛኙ የኳርተርባኮችና የሯጮች ርስት ነው። ከመከላከሉ ወገን ሁለት ሰዎች አግኝተውታል፤ በ1971 የሚኒሶታው ሰባሪ አለን ፔጅ፣ በ1986 የኒውዮርክ ጃየንትሱ ሎውረንስ ቴይለር። ከመካቾች ወገን እስከ ዛሬ አንድም ሰው የለም። የሱፐር ቦውል ማለትም የዋንጫው ፍልሚያ ኮከብነትንም በ1978 ሁለት የዳላስ ሰባሪዎች፣ ራንዲ ኋይትና ሃርቪ ማርቲን ተካፍለውታል፤ በ1986 የቺካጎው ሪቻርድ ዴንት ወስዶታል። መካች ግን አሁንም የለም።

መካቾች አንድ ጊዜ በቁማቸው ተከብረው ነበር። ለዚያውም በዋሽንግተን። በ1982 ጆ ቡጀል የተባለው አሠልጣኝ ግዙፎቹን ተጫዋቾቹን «ሆግስ» አላቸው፤ እርያዎች ማለቱ ነው። በእኛ ዘንድ ቢሆን የሚያጣላ ስድብ ነው። እነሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። ብዙ ሳይቆይ ጎልማሳ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ የአሳማ አፍንጫ በላስቲክ አስረው ስታዲየም መግባት ጀመሩ። በእነዚያ ዓመታት በስደተኝነት ዋሽንግተን የገባው ወገናችን ብዙ ነው። ይህን ሲያይ ምን ብሎ እንዳማተበ መገመት አያቅትም። እነዚያ እርያዎች በጥር 1983 በተካሄደው ሱፐር ቦውል ማያሚን 27 ለ17 ለማሸነፍ ግንቡን የከፈቱ ናቸው። ጆን ሪጊንስ የሚባለው ሯጭ በመጨረሻው ሩብ በአራተኛው ዕድል ኳሷን ይዞ 43 ያርድ ሮጦ አገባ። የጨዋታው ኮከብ ሪጊንስ ሆነ። የዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብስ? አሁንም ከዋሽንግተን ቡድን ነበር፤ ማርክ ሞዝሊ፤ ኳስ መቺው! ከሜዳው ሰው ሁሉ የጨዋታው ፍትጊያ በትንሹ የሚነካውን ሰው ሸለሙት። እኔ ልቦለድ ብጽፍና ይህን ባስገባ አርታኢው «ተጋነነ» ብሎ ይሰርዝብኝ ነበር።

ታዲያ የመካች ዋጋ የታወቀው መቼ ነው? ጥፋት በዓይን ሲታይ። ኅዳር 18 ቀን 1985 ሰኞ ማታ፣ ዋሽንግተን ከጃየንትስ ጋር ስትጫወት፣ መላው አገር በቴሌቪዥን እያየ ሎውረንስ ቴይለር በኳርተርባኩ በጆ ታይዝማን ላይ ወደቀበት። የታይዝማን እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ቴይለር ራሱ ብድግ ብሎ እጁን እያወናጨፈ ሐኪም ተጣራ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ ያን ምሽት ግን የወጋውም የደነገጠ ይመስል ነበር። ታይዝማን ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ማይክል ሉዊስ የተባለው ጸሐፊ በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህች ቅጽበት ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይዞራል፤ ከዚያ የሚመጣውን አያይም። ያንን የማይታይ ጎን የሚጠብቀው የግራ ታክል ነው። ተጫዋቾች እንደልብ ቡድን የመለወጥ መብት ካገኙበት ከ1993 ወዲህ የግራ ታክል ደሞዝ ሽቅብ የተመነደገው ለዚህ ነው። ለጠባቂው ያስጨመረለት የእሱ ጥረት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የአጥፊው አስፈሪነት ነው። ይህ ነገር አንዳች የሚያሳዝን እውነት አለበት፤ አጥር ዋጋ የሚያወጣው ጅብ ሲጮኽ ነው።

ቢሆንም ሚዛኑ ዛሬም አልተስተካከለም። በዚያው በ1993 አዲሱን መብት ተጠቅሞ ቡድን ከለወጡት ውስጥ ዋነኛው ሬጂ ኋይት የሚባል ሰባሪ ነበር፤ ግሪን ቤይ በአራት ዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በ2025 ያው ግሪን ቤይ ማይካ ፓርሰንስ የተባለውን ሰባሪ ከዳላስ አምጥቶ ለአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለው። በአማካይ በዓመት 47 ሚሊዮን ማለት ነው። በዚያው በ2025 ክረምት የሎስ አንጀለስ ቻርጀርሱ የግራ ታክል ራሻውን ስሌተር ለአራት ዓመት 114 ሚሊዮን ፈረመ። በዓመት 28 ሚሊዮን ተኩል ነው፤ በጊዜው ለመካች ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ውሉን በፈረመ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ የውድድር ዘመኑ አለፈው። በእኛ ኪስ ሲለካ የሁለቱም ገንዘብ ተረት ነው፤ ለእነሱ እንባ አናፈስም። የሚገርመው ልዩነቱ ነው። ከመካቾች ሁሉ የተሻለ የተከፈለው ሰው፣ ከሰባሪዎች የተሻለ የተከፈለውን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ገበያውን ሞኝ ነው ብሎ መሳደብ ይቀላል። ገበያው ግን ሞኝ አይደለም። ሒሳቡን እንየው። አንድ ሰባሪ በአንድ ጨዋታ 35 ጊዜ ሞክሮ 33 ጊዜ ቢያቅተውና ሁለት ጊዜ ቢሳካለት በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አንድ መካች 35 ጊዜ ተፈትኖ 33 ጊዜ ቢያሸንፍና ሁለት ጊዜ ቢሸነፍ በማግሥቱ እሱም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በሌላ አርእስት። ውጤታቸው አንድ ነው። ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ውርደት። ምክንያቱ ሰንሰለትና መዶሻ መሆናቸው ነው። አምስት መካቾች ሰንሰለት ናቸው፤ አራቱ ብረት ቢሆኑ አምስተኛው ክር ከሆነ ሰንሰለቱ በክሩ በኩል ይበጠሳል። ሰባሪ ግን መዶሻ ነው፤ ከአራት አንዱ ቢበረታ ይበቃል። ስለዚህ ብቻውን ታላቅ የሆነ ሰባሪ ጨዋታ ይለውጣል። ብቻውን ታላቅ የሆነ መካች ከጎኑ ደካማ ካለ ታላቅነቱ ይባክናል። ገንዘብ ያለው ቡድን መዶሻውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የሜዳው ታሪክም ለሁለቱም ይመሰክራል። በየካቲት 2008 ኒው ኢንግላንድ በዚያ የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሱፐር ቦውል ደረሰ። የጃየንትስ ሰባሪዎች ቶም ብሬዲን አምስት ጊዜ አነጠፉትና 17 ለ14 ተሸነፈ። በየካቲት 2025 ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 ሲያሸንፍ ኳርተርባኩን ስድስት ጊዜ ጥሎታል። ለዚያውም ከኋላ ተጨማሪ ሰው ሳይልክ፣ በፊት መስመሩ ሰዎች ብቻ። በሁለቱም ጨዋታ ኮከብ የተባለው ያሸናፊው ቡድን ኳርተርባክ መሆኑን በቅንፍ ያዙልኝ፤ ሰባሪም ሁልጊዜ አይቀናውም። በሌላ በኩል በየካቲት 2021 ያው ካንሳስ ሲቲ ሁለቱን ዋነኛ ታክሎቹን በጉዳት አጥቶ ታምፓ ቤይን ገጠመ። ፓትሪክ ማሆምስን የሚያህል ኳርተርባክ ሙሉ ማታ ሲሯሯጥ አመሸና ቡድኑ አንድም ታችዳውን ሳያስቆጥር 31 ለ9 ተረታ። አእምሮው እዚያው ነበር፤ ክንዱም እዚያው ነበር። የጠፋው ሦስቱ ሰከንድ ነው።

ያን ዓመት ከካንሳስ ሲቲ የመካች መስመር አንድ ሌላ ሰውም አልነበረም፤ ጋርዱ ሎረን ዱቨርኔ ታርዲፍ። ይህ ካናዳዊ እየተጫወተ በ2018 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ በየካቲት 2020 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ አነሳ። ኮሮና ሲመጣ «ዘንድሮ አልጫወትም» ብሎ በኪዩቤክ ወደሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሄዶ ሲያገለግል ቆየ። ቡድኑ በእሱ ምክንያት ተሸነፈ አልልም፤ ያልተረጋገጠ ነገር ነው። ግን ሰውየው ከሜዳ ወደ መጦሪያው ሲሄድ ሥራ የለወጠ አይመስለኝም። እዚያም ሥራው ክፉ ነገር እንዳይደርስ መቆም ነው። እዚያም ቢሆን በሕይወት ያደረን ሽማግሌ ማንም እንደ ጎል አይቆጥረውም።

ሜሪላንድ የሚኖሩ ዘመዶቼ ዘንድ ሰንብቼ በነበረ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ለሃይስኩሉ ቡድን ጋርድ ሆኖ ይጫወት ነበር። እናቱ ሆስፒታል የሌሊት ተራ ነርስ ናት። አርብ ማታ ልጁ ከጨዋታ ሲመለስ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው።

«ዛሬስ ኳሷን ነካሃት?»

«እማዬ፣ እኔ ኳስ ከነካሁ እኮ ቅጣት ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉህ ነው በየቀኑ እንዲህ የሚያለፉህ?»

ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። እኔ ደግሞ የመምህርነት አመል አለቀቀኝምና «እሺ፣ አንተን ደስ የሚልህ ታዲያ መቼ ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ጨዋታው አልቆ የኳርተርባካችን ማሊያ ንጹሕ ሲሆን» አለኝ። እናቱ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችው። «ኧረ እንደኔው ነህ» አለች። «እኔስ ጠዋት ‹ሌሊቱ ሰላም ነበር› ብዬ አይደል የማስረክበው? ማን ጠይቆኝ ያውቃል እንዴት ሰላም እንደሆነ?» ከዚያ በሩ ላይ ቆም አለችና ወደኔ ዞረች፤ «የሚያሳስበኝ ጭንቅላቱ ነው ጋሼ» አለች።

ጭንቅላቱ ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክ ዌብስተር የፒትስበርግ ሴንተር ነበር። አራት ሱፐር ቦውል አሸንፏል፤ በ17 የውድድር ዘመናት ከፊቱ ካለው ሰው ጋር በየዕድሉ በጭንቅላቱ ተላትሟል። በ1997 ከታላላቆች ጋር በዝና አዳራሽ ስሙ ተጻፈ። በዚያው ዘመን አካባቢ ሰውየው አእምሮው ተቃውሶ፣ ትዳሩ ፈርሶ፣ አንዳንዴ መኪናው ውስጥ ያድር ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የተባለ ናይጄሪያ የተወለደ ሐኪም ነው። ለፉትቦል ደንታ ያልነበረው ሰው በመሆኑ ይሆናል፣ ሌሎች ያላሰቡትን አሰበና አንጎሉን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየው። ተደጋጋሚ ምት ያመጣውን የአንጎል በሽታ አገኘ፤ በ2005 በሕክምና መጽሔት አወጣው። ሊጉ መጀመሪያ ላይ ተከራከረው፤ በኋላ ግን ነገሩን ማስተባበል አልቻለም። ልብ በሉ፤ የዌብስተር ጉዳት ከአንድ የቴሌቪዥን ቅጽበት የመጣ አይደለም። የታይዝማን እግር ሲሰበር አገር አየ። የዌብስተር አንጎል ሲሰበር ማንም አላየም፤ ምክንያቱም በየዕድሉ ትንሽ ትንሽ ነበር የሚሰበረው። ሥራውም ጉዳቱም አይታይም ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባኛል። ስለማይታይ ሰው ማውራት ያጣፍጣል፤ ሲጣፍጥ ደግሞ ያታልላል። ግጭት ወገን አይለይም፤ መካቹ ሲላተም የሚላተመው ከሰባሪው ጋር ነው። ደግሞም ሰባሪ ሁሉ ባለ ዝና አይደለም። ከመሀል የሚቆም «ኖዝ ታክል» የሚባል ሰባሪ አለ፤ እንደ ኒው ኢንግላንዱ ቪንስ ዊልፎርክ ያለ ተራራ። የእሱ ሥራ ብዙ ጊዜ ሁለት መካቾችን ደረቱ ላይ አስሮ መያዝ ነው። እሱ ሁለቱን ሲይዝ ከኋላው ያለው ጓደኛው ነጻ ሆኖ ሯጩን ይጥላል፤ ቁጥሩ የሚጻፈው ለጓደኛው ነው። እንግዲህ ድንበሩ በአጥቂና በተከላካይ መካከል አይደለም ማለት ነው። ድንበሩ በሚሸከምና በሚቆጠር መካከል ነው፤ ሁለቱም ወገን ውስጥ ያልፋል። እንዲያውም ያው ሰው ዛሬ የሚሸከም፣ ነገ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ኮከቡ ሰባሪ አለን ፔጅ እየተጫወተ ሕግ ተማረ፤ ከ1993 እስከ 2015 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ አገለገለ። ሜዳ ላይ ግንብ ሲሰብር የኖረ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ሕግ የሚባለውን ግንብ ሲጠብቅ ኖረ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ያልተዘመረላቸው ጀግኖች» የሚለው ውዳሴ ብዙ ጊዜ የደሞዝ ምትክ ነው። ምስጋና ርካሽ ነው፤ ግብር የለውም። በዚህ ጨዋታ ኳርተርባኮች በገና ሰሞን ለመካቾቻቸው ስጦታ የመስጠት ልማድ አላቸው፤ ሰዓት፣ ቦት ጫማ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ። ደስ ይላል። ግን ስጦታ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው ነው፤ ድርሻ ደግሞ ባለቤቱ የሚጠይቀው ነው። በ2025 ሊጉ «የዓመቱ ጠባቂ» የሚል ለመካቾች ብቻ የሚሰጥ ሽልማት እንደሚጀምር አስታውቋል። ዘገየ እንጂ መልካም ነው። ሆኖም አምስት ሆነው ለሠሩት ሥራ አንዱን መርጦ መሸለም ራሱ ነገሩን ያለመረዳት ምልክት ይመስለኛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን አንበሳው ሲታሰር ከድሩ መሀል ምርጡን ክር መዘው አልሸለሙም።

ታዲያ ማን ይበልጣል? ከጥያቄው መሸሽ ነውር ነውና ልመልስ። አማርኛችን «ዋጋ» ሲል ሁለት ነገር ይላል፤ የሚከፈለውንም የሚገባውንም። ጠቡ የሚነሳው ሁለቱን ስናደባልቃቸው ነው። ቡድን ላቋቁም ብልና ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረኝ ሰባሪውን እገዛለሁ። ብቻውን የሚሠራ እሱ ነው፤ ብርቅም ነው። ነገር ግን ያ ቡድን ዓመት ዓመት ጸንቶ እንዲቆም ከፈለግሁ መካቾች ያስፈልጉኛል። እነሱን ደግሞ አንድ በአንድ መግዛት አይበቃም፤ አብረው መሰልጠን፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ማወቅ፣ ወደ ግራ ሲያጋድል ቀኙን መሸፈን አለባቸው። ሰባሪ ይገዛል፤ መካች ግን ይገነባል። ገበያ የሚገዛውን ነገር ዋጋ ለመንገር የታወቀ ነው፤ የሚገነባውን ነገር ዋጋ ሲጠየቅ ግን ይንተባተባል። ያን ጊዜ መናገር ያለበት ሚዛናዊ ሰው ነው።

ሚዛናዊ ሰው ምን ይላል? ላልደረሰ ክፉ ነገር ባለዕዳ ነኝ ይላል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ላልደረሰ ነገር ማመስገን ተፈጥሯችን አይደለም። ያወጣንን እናስታውሳለን፤ እንዳንወድቅ የያዘንን አናውቀውም። ስለዚህ ፍትሕ እዚህ ላይ ከልብ ደግነት በፊት የዓይን ልምምድ ይፈልጋል። ሁሉም ወደ ኳሷ ሲያይ ዓይንን ከኳሷ ላይ ማንሳት መልመድ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎቼ ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ጨዋታ ስታዩ አንዴ ብቻ ሞክሩት። ኳሷ ስትነሳ አትከተሏት። አምስቱን ሰዎች እዩ። ኳሷ የት እንደደረሰች ጩኸቱ ይነግራችኋል። እናንተ ግን ሦስቱን ሰከንድ ቁጠሩ፤ ማን እንደያዘ፣ ማን እንደሸፈነ፣ ማን ወድቆ እንደተነሳ እዩ። ሲያልቅ ደግሞ ወደ ኳርተርባኩ ማሊያ ተመልከቱ።